ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ አፍንጫ ሲደርቅ



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶች ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ሰውን ምን ያህል በዝምታ እንደሚያሰቃይ የተረዳነው አብሮን በሚያስተምር አንድ ወንድማችን ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ወንድማችን ለዓመታት በሳይነስ ሕመም ሲቸገር ኖሮ ከረጅም ቀጠሮ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልክ!» አልነው። ሦስት ሳምንት አርፎ ወደ ክፍል ሲመለስ ግን ፊቱ የተገላገለ ሰው ፊት አልነበረም። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና ብርዱና ደረቁ ነፋስ አንድ ላይ መጥተዋል። በዚህ ላይ የጠመኔው ብናኝ አለ። አፍንጫው ውስጥ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ሲነካው ይደማል፤ ሌሊት በአፉ ሲተነፍስ አድሮ ጉሮሮው ደርቆ ይነቃል። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሳለ «ሳልታከም ይሻለኝ ነበር፤ ሕክምናው ከሽፏል፤ ከእንግዲህ ወደ ሐኪም አልመለስም» አለን።

እኛም የምናውቀው ምክር አንድ ብቻ ነበርና «ሰብር አድርግ» አልነው። ቃሉ ስሕተት አልነበረም። ጉድለቱ በሰብሩ ጊዜ ምን መሥራት እንዳለበት አለመንገራችን ነው። ሰብር ሰበብ ከማድረስ ጋር እንጂ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ጋር እንደማይሄድ ለተማሪዎቻችን ዘወትር እየነገርን ለጓደኛችን ግን ዘነጋነው።

አፍንጫ ለምን ይደርቃል?

እንደሚታወቀው አፍንጫ የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። በቀን 10,000 ሊትር ያህል አየር ያልፍበታል። ይህንንም አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ ከአቧራ ያጠራዋል። የውስጥ ግድግዳው በስስ ንፍጥ የተሸፈነ ነው። ከንፍጡ ሥር ሐኪሞች ሲሊያ የሚሏቸው፣ በዓይን የማይታዩ ጸጉር መሰል ነገሮች አሉ። እነዚህም በአንድ ሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ ንፍጡን ከነአቧራው ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። በጉንጭ፣ በግንባርና በዓይኖች መካከል በሚገኙት የሳይነስ ክፍተቶች ውስጥም ንፍጡ በዚሁ መንገድ ወደ ተፈጥሯዊው መውጫ ቀዳዳ ይጓዛል።

የዛሬው የሳይነስ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚከናወነው በአፍንጫ በሚገባ ኢንዶስኮፕ በተባለ ቀጭን መመልከቻ ነው። ለዚህ መሠረት የጣሉት በኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ቫልተር ሜሰርክሊንገር ናቸው። እርሳቸው ንፍጥ ዘወትር ወደ ተፈጥሯዊው መውጫ እንደሚጓዝ አስተዋሉ። ስለሆነም ሌላ ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ የተዘጋውን መውጫ መክፈት እንደሚበጅ ታመነበት።

መውጫው ተከፈተ ማለት ግን ቤቱ በማግሥቱ ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። የቆሰለው ሽፋን እስኪጠግን፣ ሲሊያዎቹም እንደገና እስኪበቅሉና እስኪሠሩ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያስፈልጋሉ። በዚህ መካከል ደምና ንፍጥ የሚጠርጋቸው አጥተው ባሉበት ይደርቁና ቅርፊት ይሆናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ድርቀት ብዙውን ጊዜ የመክሸፍ ሳይሆን የመዳን ምልክት ነው። አፍንጫው ራሱን ማርጠብ እስኪችል ድረስ የማርጠቡ ሥራ የባለቤቱ ይሆናል።

እንዴት ይረጥባል?

ዋናው መድኃኒት የጨው ውሃ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ የጨው ውሃ በቀን ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ይነፋል ወይም ይንጠባጠባል። ቅርፊት ሲበዛ ደግሞ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን አፍንጫው ይታጠባል። ከሁሉ የሚቀልለው ከፋርማሲ የሚገዛው ኖርማል ሳላይን ነው፤ ንጹሕ ነው፣ መጠኑም የተስተካከለ ነው። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም በሻይ ማንኪያ ልክ አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ስለሆነ እንዳይምታታ። የምንበላው ጨው አዮዲን ስላለበት የቆሰለን አፍንጫ ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ በመሆኑም አዮዲን የሌለው ጨው ይመረጣል።

አስተጣጠቡም እንዲህ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ገበቴ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ራስን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ አፍን ከፍቶ በአፍ እየተነፈሱ፣ በማጠቢያ ጠርሙስ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርጎ ማስገባት ነው። ውሃው በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ዕቃው በየጊዜው ታጥቦ ይድረቅ፤ ለሌላ ሰውም አይዋስ። ጎንበስ ማለት በሐኪም ለተከለከለ ሰው ግን መንፋቱ ይበቃዋል።

ከዚህም በተጨማሪ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት፣ በሚተኙበት ክፍል ውሃ የሞላ ሰፋ ያለ ሳህን ማስቀመጥ፣ አቧራ ባለበት አፍንጫን በስስ ጨርቅ መሸፈን ይረዳል። ሐኪም የሚፈቅደውን ቅባት የአፍንጫው አፍ ላይ ብቻ በስሱ መቀባት ይቻላል። ቅባት ወደ ውስጥ ዘልቆ ለረጅም ጊዜ ከተደጋገመ ወደ ሳንባ ወርዶ ሊጎዳ ስለሚችል ዘይትና ቅቤ ማንጠባጠብ አይገባም።

ውሃውን እናፍላ

እዚህ ላይ እናቶችና አባቶች በጥሞና እንዲያነቡን እንለምናለን። ለመጠጥ ደኅና የሆነ ውሃ ሁሉ ለአፍንጫ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሲጠጣ ጨጓራ የሚያጠፋው ተሕዋስ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል መንገድ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን አጥበው ኔግለሪያ ፋውለሪ በተባለ አሜባ ሞቱ። በፓኪስታን ካራቺ በ17 ወራት ውስጥ በተመዘገቡ 13 ሕሙማን ላይ በተጻፈ ዘገባ ደግሞ ከውሃ ዋና ጋር ግንኙነት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በውዱእ ጊዜ በአፍንጫ የሚገባው ውሃ ተጠረጠረ። በሽታው እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ከያዘ ግን ከሞት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው እንደ አዲስ አበባና ደሴ ባሉ ከተሞች ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ከዚያም ተከድኖ ይቀዝቅዝ። የተረፈው በማግሥቱ ይደፋ፤ አዲስ ይፈላ።

ልንርቃቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ ቅርፊቱን በጣት መጎርጎርና በኃይል መናፈጥ። ቅርፊቱ ረጥቦ በራሱ ካልወጣ የሚያነሳው ሐኪሙ ነው። ማንጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ማንጠስ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አፍንጫን ቶሎ የሚከፍቱ ጠብታዎች። እነ ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን ለጥቂት ቀናት ሐኪም ሊያዝዛቸው ይችላል። በዘፈቀደ ሲቀጥሉ ግን አፍንጫውን ያደርቁታል፤ ሲቆሙም መልሶ ይታፈናል። ሰውየውም የጠብታው ባሪያ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ዳማከሴ ጨምቆ ወደ አፍንጫ መሳብ፣ በባሕር ዛፍ መታጠንና ሜንቶል ያለበትን ቅባት ወደ ውስጥ ማስገባት። እናቶቻችን በጉንፋን ጊዜ ያደረጉልንን አንንቅም፤ ነገር ግን ጉንፋንና ትኩስ ቁስል አንድ አይደሉም። የከሰል ጢስ፣ ሲጋራና የዕጣን ጢስም እንዲሁ ናቸው። ቤት ውስጥ የታከመ ሰው ካለ ቡኹሩ ለጥቂት ሳምንታት ይቅር።

ውዱእ፣ ሱጁድና ጾም

ወንድማችንን ከድርቀቱ ይልቅ ያስጨነቀው ይህ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለለቂጥ ቢን ሰቢራ በሰጡት ትምህርት ጾመኛ ካልሆነ በስተቀር ውሃን በአፍንጫ መሳብ ላይ እንዲበረታ ነግረውታል። ልብ እንበል፤ ትእዛዙ ራሱ ከሁኔታ ጋር ተያይዞ መጥቷል። ለቆሰለ ሰው በፈላና ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ኃይል ማድረስ ይቻለው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨርሶ የተከለከለ ከሆነ ሁኔታውን ለሚያውቀው ዓሊም አቅርቦ መልሱን ይያዝ።

ሱጁድም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስን ዝቅ ማድረግ ደም ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ይከለክላሉ። ዒምራን ቢን ሑሰይን በታመሙ ጊዜ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደነገሯቸው ይታወቃል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በምልክት መስገድ ስንፍና አይደለም።

ጾምን በተመለከተ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የአፍንጫ ጠብታና መንፊያ ወደ ጉሮሮ የደረሰው ካልተዋጠ ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ውሃ ሞልቶ መታጠብ ግን ወደ ጉሮሮ ማለፉ ስለማይቀር ከመግሪብ በኋላና ከሱሑር በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ቁስሉ ገና ትኩስ የሆነበት ሰው ደግሞ ለሕሙማን የተሰጠው ፈቃድ አለው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

የማያቆም ነስር፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው መግል፣ የዓይን ማበጥ ወይም አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ከአንገት መገተር ጋር የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ጎንበስ ሲባል ከአንድ ቀዳዳ እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድርቀቱ ለወራት ከቀጠለም «ዕጣዬ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ወንድማችን በመጨረሻ ታላቅ እኅቱ ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ ቅርፊቱን አንስተው ሲያዩ ከሥሩ ሁለቱ ግድግዳዎች በጠባሳ መያያዝ ጀምረው ነበርና አላቀቋቸው። «ትንሽ ብትዘገይ የከፈትነው መልሶ ይዘጋ ነበር» አሉት። ከዚያ ወዲህ የጨው ውሃዋ ጠርሙስ ከጠመኔው ሳጥን ጎን ተቀመጠች፤ ተማሪዎቹም ለመዱለት። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያው የአፈር ሽታ እንደሸተተው በደስታ ነገረን። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው አሉ፤ ለእኛ በየዓመቱ የሚመጣ፣ አመስግነንበት የማናውቀው ነገር።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ታካሚ ካለ «ሰብር አድርግ» ከማለታችሁ በፊት ውሃ አፍሉለት፤ የቀጠሮውንም ቀን አስታውሱት። አላህ ሕሙማኖቻችንን ሁሉ ይማርልን።