የመግባት ዕድልን ስለመመዘን

ተማሪዎች ሆይ፣ በአዳማ አካባቢ ባሉት ከፍታዎች ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመው ይታያሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የፍጥነት መንገድም መድረሻው እዚያው ነው። ጥቂት ራቅ ሲባል ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ አዋሽን ገትቶ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ያደገ ልጅ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ «መሐንዲስ» ብሎ ቢመልስ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚመኘው ትምህርት የሚሰጥበት ግቢም ከደጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ተቋም፣ በ2003 ዓ.ም. አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም አግኝቷል። ይሁን እንጂ የግቢው ቅርበት የመግባትን ዕድል አያቀርበውም። ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አዲስ አበባው አቻው ሁሉ፣ ከመላ አገሪቱ የሚያመለክቱ ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና አወዳድሮ የሚቀበል ነው።

በማስተምርበት ዘመን ከሁሉ አብልጬ የተጠየቅሁት ጥያቄ «መምህር፣ በዚህ ውጤት እገባለሁ?» የሚል ነበር። ጥያቄው በክፍል ውስጥ፣ በመንገድ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በወላጆች አንደበት ይቀርብልኝ ነበር። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ስለ ፊዚክስና ስለ ሒሳብ ምክር መስጠት አያምርብኝም። ነገር ግን ጠያቂዎቹ ራሳቸውን የሚመዝኑበት ሚዛን የተሳሳተ መሆኑን ለመረዳት የፊዚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሚዛኑ የሚሳሳተውም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። አንዱን ተማሪ ከልክ በላይ ያከብደዋል፤ ሌላውን ያለ አግባብ ያቀልለዋል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው።

የተለመደው ሚዛን የክፍል ደረጃ ነው። «ከክፍሌ አንደኛ ነኝ» የሚል ተማሪ ከስልሳ ልጆች እንደሚበልጥ ነገረን እንጂ ሌላ ምንም አልነገረንም። ይህ ነገር በግልጽ የታየው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ይፈተኑ ነበር፤ መኮራረጅና የፈተና ስርቆትም ውጤቱን የማይታመን አድርጎት ነበር። በዚያ ዙር ግን ተፈታኞቹ ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ማሳለፍ አልቻሉም። እስቲ አስቡት፤ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዳቸው አንደኛ የወጣ ተማሪ ነበር። ካርዱ ላይ «1ኛ» ተብሎ የተጻፈለት፣ በወላጆች ቀን የተጨበጨበለት ልጅ ነበር። አስተማሪዎቹ ዋሽተውት አይደለም። የነገሩት እውነት ነበር፤ ለሌላ ጥያቄ የሚሆን መልስ ሆኖ ነው እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው አኃዝ የብዙዎችን ወኔ ሰልቧል። «ከመቶ ሦስት ብቻ ነው የሚያልፈው» የሚለው ወሬ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያልተሰማበት ሠፈር አልነበረም። ነገር ግን አኃዙን ጠጋ ብላችሁ መርምሩት። 3.3 ከመቶ የሚለው የሁሉም ተፈታኞች ድምር ነው። ምሕንድስና ሊማሩ የሚችሉት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ለብቻቸው ሲታዩ፣ ከ339,642 ተፈታኞች 22,936ቱ አልፈዋል፤ ይህም 6.8 ከመቶ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪዎች ግን 1.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለ ራሱ ሲያስብ የሌላውን ወረፋ ከራሱ ጋር ደምሮ ሲፈራ ከርሟል ማለት ነው። አኃዙም እንደ ቆመ አልቀረም፤ በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ከጠቅላላው ተፈታኝ 8.4 ከመቶ ደርሰዋል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ እንዲህ ያለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ሕዝቡ እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ከመቶ ሰባት ሰው ያልፋል ማለት፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሰባት ዕጣ በእጁ ይዟል ማለት አይደለም። ሌሊት መብራት ጠፍቶበት በባትሪ ብርሃን ሲያጠና የከረመውና መጽሐፉን ያልከፈተው አንድ ዕጣ የላቸውም።

ማለፍና መግባትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግማሹን ማምጣት ዩኒቨርሲቲ የመግባት መብት ይሰጣል እንጂ ወደ ተፈለገው ትምህርት ክፍል አያስገባም። በመናኸሪያ ለሚጠብቅ መንገደኛ ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው ሚኒባስ አሥራ ሁለት መቀመጫ ካለው፣ አሥራ ሦስተኛው ሰው የቀረው ዘግይቶ ስለ መጣ ሳይሆን አሥራ ሁለት ሰዎች ስለ ቀደሙት ነው። ነገ በዚያው ሰዓት ቢመጣ ባዶ ወንበር ሊያገኝ ይችላል። የመቁረጫ ነጥብ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ያምና መቁረጫ ነጥብ ስንት እንደ ነበር ቀድሞ ከገባ ተማሪ ጠይቆ ማወቅ አይከፋም፤ ዘንድሮ ግን ነጥቡን የሚወስኑት የዘንድሮ ተወዳዳሪዎችና የዘንድሮ መቀመጫዎች ናቸው። ግቢ ከተገባ በኋላም ውድድሩ አያበቃም። ተማሪዎች ወደየትምህርት ክፍሉ የሚደለደሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚያስመዘግቡት ውጤት ጭምር ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው ክፍል ደግሞ ምንጊዜም በር ላይ ይጨናነቃል።

ታዲያ በምን እንመዘን? ትላላችሁ። እኔ የማውቀው የታመነ ሚዛን አንድ ነው፤ እርሱም አሮጌ የፈተና ወረቀት፣ የእጅ ሰዓትና የተዘጋ በር ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፈልጉ። ሰዓቱ ሲሞላ እርሳሳችሁን አስቀምጡ። መልሱን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ አሳርሙ፤ ሰው የራሱን ወረቀት ሲያርም እጁ ይራራልና። ይህን አራት አምስት ጊዜ ከፈጸማችሁ በኋላ የምትይዙት ከፍተኛውን ውጤት ሳይሆን ዝቅተኛውን ይሁን። ስለ ምን ዝቅተኛውን? የፈተናው ቀን እንደ ቤታችሁ ቀን ስለማይሆን ነው። ከመቂ ወይም ከአርሲ ነገሌ የተነሣ ተማሪ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደማያውቀው ግቢ ይገባል፤ በማያውቀው አልጋ ያድራል፤ በቤቱ ያልለመደውን ምግብ በልቶ በማግስቱ ከማያውቃቸው ልጆች መካከል ይቀመጣል። ዝቅተኛው ውጤታችሁ ይህንን ሁሉ ይሸከማል፤ ከፍተኛው ግን አይሸከምም። በየትምህርቱ ለይታችሁም ተመልከቱ። ድምሩ ጥሩ ሆኖ ሒሳቡ የወደቀ ተማሪ፣ ምሕንድስና ሲያምረው የቱን ቀዳዳ መድፈን እንዳለበት ድምሩ ብቻ አይነግረውም።

አንዳንድ ሰዎች «ልጆችን ሁሉ ሞክሩ ማለት ባዶ ተስፋ መመገብ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ንግግራቸው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዱ ሳስተምር አራት ዓመት ሙሉ የክፍሉን አንደኝነት ያልለቀቀ ልጅ ነበረኝ። ብሔራዊውን ፈተና በጥቂት ነጥብ አለፈ፤ የመግቢያውን ፈተና ግን ወደቀ። ከዚያም መንግሥት ወደ መደበው ሌላ ዩኒቨርሲቲ አልሄድም ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቱ ሱቅ ተቀምጦ ከረመ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዓመቱን ያጠፋበት ሙከራው ሳይሆን እምቢታው ነው። የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ ያልተሳካለት ተማሪ ወደ ሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመመደብ ዕድሉ አይዘጋበትም። ምሕንድስናም በሁለት ግቢ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ በሐዋሳም፣ በጅማም፣ በባሕር ዳርም ይሰጣል። ስለዚህ ራሱን አክብዶ የመዘነ ሰው የሚከፍለው ዋጋ፣ ልቡን ካላደነደነ በቀር፣ የጥቂት ቀናት ድካምና የአንድ ሳምንት ሐዘን ነው።

ራሱን ያቀለለ ሰው ግን የሚከፍለውን እንኳ አያውቀውም፤ ያልተፈተነ ፈተና ውጤት የለውምና። በዚያው ክፍል ዘጠነኛ የምትወጣ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ በገበያ ቀን ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጅቱ ብሔራዊውን ፈተና ከአንደኛው ልጅ በበለጠ ነጥብ አለፈች። ለመግቢያው ፈተና ተመዝግባ እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ «ያ እኮ የአዲስ አበባ ልጆች ነው መምህር፤ እኔ ከክፍሌ እንኳ ዘጠነኛ ነኝ» አለችኝ። ማን እንዲህ እንዳላት ብጠይቃት ማንም አላላትም፤ ከራሷ ጋር ተማክራ የደረሰችበት ፍርድ ነው። በኋላ በተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ገብታለችና ጠፍታ ቀረች አልልም። ነገር ግን ያን ዕለት ከቦርሳዋ አንድ ሉክ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ቤቷ ተቀምጣ በሰዓት የሠራቻቸውን የአምስት ፈተናዎች ውጤት በተራ ጽፋበታለች። የልጁንም የልምምድ ውጤት አውቀው ነበር። ከአምስቱ ዝቅተኛ የሆነው ውጤቷ ከእርሱ ከፍተኛ ውጤት ይበልጥ ነበር። ምዝገባው ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነበር።