ማስታገሻ የመርሳት በሽታ መድኃኒት አይደለም

«አይቡፕሮፌን አልዛይመርን ይከላከላል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ለእናታችሁ ክኒኑን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ቀሪውን ታሪክም ስሙ።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አልዛይመር በያዘው አንጎል ውስጥ ብግነት አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሮተርዳም የወጣ ጥናት ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ፀረ ብግነት ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የወሰዱት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው።

መከታተልና መፈተን ግን ይለያያሉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አዳፕት የተባለ ሙከራ ተጀመረ። ከ2,500 በላይ አረጋውያን በዕጣ ተለይተው ናፕሮክሲን፣ ሴሌኮክሲብ ወይም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። በ2004 መጨረሻ ለልብ ያሰጋል ተብሎ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ክትትልም ክኒኖቹ በሽታውን እንደሚከላከሉ አላሳየም።

እኛ ዘንድ ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይገዛል። በየቀኑ ሲወሰድ ግን ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊት ሊጎዳ፣ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። የሚረሳ ሰው ደግሞ መዋጡን ረስቶ ይደግማል።

ምርምሩ ይቀጥል። እኛ ግን የወላጆቻችንን መርሳት «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው፤ በግምትም አናክመው። የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ከፋርማሲው በፊት ሐኪም ጋ እንውሰዳቸው።