የተወሳሰበ ኮድ የሠራተኛውን ገንዘብ ይጠብቃል?

በጅዳ ሰቢልም ሆነ በመካ የሚኖሩ በርካታ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለቤተሰብ የሚልኩት በእጅ ስልካቸው ነው። የገንዘብ መላኪያው መተግበሪያ ስልኩ ላይ ሲጫን ግን የፕሮግራሙ ኮድም አብሮ ይገባል። ዕውቀቱ ያለው ሰው ይህን ኮድ ፈትቶ አሠራሩን ሊመረምር ይችላል፤ ድርጊቱ በሙያው አጠራር «ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ» ይባላል።

የመተግበሪያ ባለቤቶች ይህን ለመከላከል ኮዱን ሆን ብለው ያወሳስባሉ። «ገንዘብ ላክ» የሚለውን የመሰለ ግልጽ የትእዛዝ ስም ትርጉም በሌለው አንድ ፊደል ይተካል፤ ጽሑፎች ይመሰጠራሉ፤ መርማሪን የሚያደናግሩ ከንቱ ትእዛዞች ይጨመራሉ። ይሁንና ስልኩ ፕሮግራሙን መፈጸም ስላለበት እውነተኛው ትእዛዝ ውሎ አድሮ መገለጡ አይቀርም። ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 ማንኛውንም ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሊሰውር የሚችል አንድ አጠቃላይ ዘዴ እንደማይኖር በሒሳብ አረጋግጠዋል።

ኢትዮጵያውያንን የነካ አንድ ጉዳይ ይህን በተግባር ያሳያል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ ኢትዮጵያዊ ተቃዋሚ ቡድን አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ «ፊንስፓይ» የተሰኘ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የወጡት የፕሮግራሙ ቅጂዎች በድርብርብ ሽፋን የተወሳሰቡ ነበሩ። የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ሽፋኑን ደረጃ በደረጃ ገፈው አሠራሩን ለሕዝብ አሳወቁ። ሥራው እጅግ አድካሚ ቢሆንም የማይቻል አልነበረም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ኮድን ማወሳሰብ መርማሪውን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ የገንዘብ ተቋማት የምስጢር ቁልፎችን በመተግበሪያው ውስጥ ሊያኖሩ አይገባም፤ የሒሳብ ማረጋገጫና የክፍያ ፈቃድም በተቋሙ ሰርቨር ላይ ሊፈጸሙ ይገባል። ሁለተኛ፣ ይኸው መሰወሪያ ለባለንብረቱም ለአጭበርባሪውም እኩል ያገለግላል። ሐሰተኛ መተግበሪያ የሚሠራ ሰውም ተንኮሉ ቶሎ እንዳይታወቅበት ኮዱን ያወሳስባል።

ተጠቃሚው የኮዱን ይዘት ማየት ባይችልም መተግበሪያው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይችላል። በዋትስአፕ በተላከ ማስፈንጠሪያ መተግበሪያ አለመጫን፣ ከተቋሙ ይፋዊ ገጽና ከታወቁ የመተግበሪያ መደብሮች ብቻ ማውረድ፣ በአጭር መልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አለመንገር የወር ድካምን ከመነጠቅ ይጠብቃል።