ፍርሃትን የሚያጠፋ መድኃኒት ቢገኝ እንወስደዋለን?

ፍርሃትን ከሰው ውስጥ ነቅሎ የሚያወጣ ክኒን ተሠራ ቢባል ትወስዱታላችሁ? ብዙዎቻችን “ጌታ ሆይ፣ ይህን ፍርሃት ውሰድልኝ” ብለን ለዓመታት ስለጸለይን መልሳችን “እንዴታ!” ሊሆን ይችላል። ከመቸኮላችን በፊት ግን ፍርሃት የራቃትን የአንዲት ሴት ታሪክ እንመልከት።

በአሜሪካ የምትኖር፣ በሳይንሱ ዓለም “ኤስ ኤም” በሚሉ ፊደላት ብቻ የምትታወቅ ሴት ናት። በዘር የሚተላለፍና እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ በሽታ በአንጎሏ ግራና ቀኝ ያለውን አሚግዳላ የተባለ ክፍል አጥፍቶባታል። አሚግዳላ የለውዝ ፍሬ የሚመስል፣ አደጋ ሲመጣ ለሰውነት ደወል የሚደውል ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት እንደሚለው ይህች ሴት እባብ እንደምትጠላ ትናገር ነበር፤ እባብ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሲወስዷት ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ በእጇ ይዛ አገላበጠችው። አንድ ምሽት በመናፈሻ ስታልፍ አንድ ሰው አንገቷ ላይ ቢላዋ ደቀነ። አልደነገጠችም፤ በማግስቱም በዚያው መናፈሻ አለፈች። በሕይወቷ ለሞት የሚያደርስ ጥቃት የደረሰባት አንዴ ብቻ አይደለም። “ተመለሺ፣ ሽሺ” የሚላት የውስጥ ድምፅ አልነበራትም።

እንግዲህ ፍርሃት እግዚአብሔር በራችን ላይ ያቆመው ዘበኛ ነው። ዘበኛውን ማባረር ነጻነት ይመስላል፤ ቤቱን ግን ለሌባ ክፍት ያደርጋል።

ነገር ግን ዘበኛው ራሱ ቢታመምስ? ሌባው ከሄደ ከአሥር ዓመት በኋላም ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ዘበኛ ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሣል። ጦርነት ያዩ፣ የተደፈሩ፣ ከከባድ አደጋ የተረፉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ። በር ሲንኳኳ ይበረግጋሉ፤ ሌሊት በቅዠት ይነቃሉ። ለእነዚህ ሰዎች “እምነትህ ስላነሰ ነው” ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም መልሶ ተኛ። ጌታ ለነቢዩ ሥጋ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ እኛ ሐኪም ቤት የሚሄደውን ወገናችንን የምንንቀው በምን ሥልጣን ነው?

ሳይንሱ በዚህ መንገድ እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሜሬል ኪንድትና ባልደረቦቿ ፕሮፕራኖሎል በተባለው፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በሚታዘዝ መድኃኒት አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሐሳቡ፣ አንድ ትዝታ ሲታወስ ለጊዜው ላልቶ እንደገና ይጠነክራል፣ በዚያ መካከል ሊለወጥ ይችላል የሚል ነው። ለፈቃደኞች የሸረሪት ሥዕል እያሳዩ በመጠኑ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። በማግስቱ ክኒኑን ወስደው ያንን እንዲያስታውሱ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ሲያዩ ሰውነታቸው መደንገጡን ተወ፤ ከሥዕሉ በኋላ ንዝረት ይመጣ እንደነበር ግን አልረሱም። ትዝታው ቀረ፣ መርዙ ወጣ። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት ስላላሳዩ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዮሴፍ ወንድሞቹ ያደረጉበትን ያውቅ ነበር፤ ሲያገኛቸው ግን አልቅሶ አቀፋቸው። ትንሣኤውን ያየው ቶማስም በጌታ እጆች ላይ የችንካሩን ምልክት አይቷል። ምልክቱ አለ፣ ሕመሙ ግን የለም። እንዲህ ያለውን ፈውስ በጸሎትም በሐኪም እጅም ብናገኘው ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዳዊት ኦርዮንን ካስገደለ በኋላ የልቡን መረበሽ የሚያጠፋ ክኒን ወስዶ ቢሆንስ? ናታን ሲመጣ የሚወጋው ኅሊና ባላገኘ ነበር፤ ንስሓውንም ባላየን ነበር። ይህ ሥጋት የአማኞች ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የባዮኤቲክስ ምክር ቤት፣ መጥፎ ትዝታን የሚያደበዝዙ መድኃኒቶች የጸጸትን ድምፅም ሊያደነዝዙ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። የተበደለ ሰው ከድንጋጤው ይፈወስ። የበደለ ሰው ግን ከጸጸቱ የሚገላገለው በመድኃኒት ሳይሆን በመስቀሉ ሥር ነው። እግዚአብሔርን መፍራትማ የጥበብ መነሻ ስለሆነ ማንም ሐኪም ሊነቅለው አይገባም።

ስለዚህ ወገኔ፣ ፍርሃትህን ከማባረርህ በፊት ምን እያለህ እንደሆነ ጠይቀው። ያለፈ አደጋ እየደጋገመ የሚጮህ ከሆነ ጸልይ፣ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ፤ አትፈር። ከኃጢአት ተመለስ እያለህ ከሆነ ግን ስማው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት አዝናለች፤ ላቡም እንደ ደም ወርዷል። ጭንቀቱን ይዞ ወደ አባቱ ሄደ እንጂ አልደበቀውም። እኛም ፍርሃታችንን ይዘን ወደዚያው አባት እንሂድ።

ጌታ ይርዳን።