የአቤሴሎም ቃል

ባደግሁበት የላንቻ ግቢ ቡና የሚጠጣው በየተራ ነበር፤ ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እነርሱ ቤት። ከዕለታት በአንዱ ተረኛዋ እናቴ ነበረች። ቡናው አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት የጎረቤት ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ሃያ ዓመት አልሞላትም። ቤተሰቧ የሚያከብረው ሰው እንደ ደፈራት ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አለቀሰች፤ አቀፈቻት፤ ጸለየችላት። በመጨረሻም «ቻዪው ልጄ፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ጠበል ግቢ፤ እርሱ ያያል» አለቻት።

እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ግጥም አነብ ነበር። ሰምቻለሁ፤ ምንም አላልኩም። ዛሬ ባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር፣ ያቺ ዝምታዬ ያልተወራረደች ዕዳ ሆና ትመጣብኛለች። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የምታውቀውን ማጽናኛ ነው የሰጠቻት። ግን ማጽናኛው የማን ነበር? የክርስቶስ ነበርን?

«ቻዪው» የሚለው ምክር በመጽሐፍ ቅዱስ ከማን አፍ እንደ ወጣ አንባቢ ያስተውል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። ትዕማር ዝም አላለችም። አስቀድማ ተከራከረችው፤ ከደረሰባትም በኋላ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ያማረ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ወጣች። ዝም ያሰኛት ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ነው። ንጉሡ አባቷ ተቆጣ፤ አምኖንን ስለ መቅጣቱ ግን የተጻፈ የለም። ፍጻሜውስ? ትዕማር በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። ከ2 ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ። ዝምታው ማንንም አልፈወሰም። እኛ ግን የአቤሴሎምን ቃል የእግዚአብሔር ቃል አስመስለን ለልጆቻችን እናቀርባለን።

ከዚህ የሚብሰው የተበደለችውን ንስሐ ማስገባት ነው። ንስሐ የበደለ ሰው መድኃኒት ነው፤ የተበደለ ሰው የሚሻው መጽናናትን ነው። ጾምና ስግደት ለጸሎት ሲሆኑ መልካም ናቸው፤ ያልሠራችውን ኃጢአት መክፈያ ሲሆኑ ግን በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ናቸው። በየዓመቱ በስቅለት ዕለት የምንሰግድለት ጌታ በሰው ሁሉ ፊት ልብሱን ተገፏል። የዚያ ዕርቃን ኀፍረት የገፋፊዎቹ እንጂ የእርሱ አልነበረም። ክርስትና ለተደፈረች ሴት፣ ይህ ለደረሰበት ወንድ ልጅም ቢሆን፣ ሊናገር የሚገባው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ይመስለኛል፦ ኀፍረቱ የአንተ አይደለም፤ የአንቺ አይደለም።

ጠበልን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እኔም የተጠመቅሁበትና የተጽናናሁበት ነው። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ ሊታሰብበት ይገባል። ከጥቃት በኋላ ገላንና ልብስን ማጠብ ማስረጃን ያጠፋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ በተሻለ፣ መጀመር አለበት። ከላንቻ እምብዛም በማይርቀው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንና ምክሩን ከሕግ ድጋፍ ጋር በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሟል። ቀኑ ያለፈባትም ብትሆን ሐኪም ማየቷ ይጠቅማታል። እንግዲህ የንስሐ አባት የመጀመሪያ ምክር «ቶሎ ሐኪም ቤት እንሂድ» ቢሆን ምን አለበት? ጠበሉ ዕድሜዋን ሙሉ ይጠብቃታል፤ 72 ሰዓቱ ግን አይጠብቃትም።

«ይቅር በዪው» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት እንዳይከሰስ መንገድ ይሰጠው ነበር። ያ «ፈቃድ» እንዴት ይገኝ እንደ ነበር የሚያውቁት የተጠለፉት ናቸው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። በሕግ የተዘጋው በር በሽምግልና ስም ሲከፈት ዝም ማለት የለብንም። ይቅርታ የተበዳይዋ ስጦታ ነው፤ ሰዓቱንም የምትመርጠው እርሷ ናት። ይቅር ብትል እንኳ ፍርድ ይቀራል ማለት አይደለም።

አማርኛችን «ድፍረት» የሚለውን አንድ ቃል ለጀግንነትም ለዚህ ወንጀልም ሰጥቶታል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ርእስም ይህንኑ ድርብ ትርጉም ይዟል። እኔ ቃሉ ከወንጀለኛው ተነጥቆ ለእርሷ እንዲመለስ እመኛለሁ። ደፋር ማለት የደረሰባትን የምትናገር ሴት ናት።

ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራው ሕፃኑ ቂርቆስ እናቱን ኢየሉጣን እንዴት እንዳጽናናት ሐምሌ 19 ቀን በየዓመቱ እንሰማለን። እናት የፈላውን ውሃ ድምፅ ሰምታ ፈራች። ሕፃኑ ለምን ፈራሽ ብሎ አልናቃትም፤ አብሯት ሆኖ አበረታት። መልአኩም ከዳር ቆሞ ቻዪው አላላትም፤ እነርሱ ወዳሉበት ወረደ። መንፈሳዊ ፈውስ የምለው ይህንን ነው፦ የተጎዳችው ወዳለችበት መውረድን።

ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። በዚያ ቀን ያልነገርኳትን እነሆ ጽፌዋለሁ።

«ቻዪው» ያልንሽ እኛ፣ መስማት ስላልቻልን፣
ያንቺን እሳት ትተን፣ ጭሱን ሸሽተን ሄድን።
ተናገሪ እህቴ፣ ድምፅሽ አይታፈን፤
አመዱ የኛ ነው፣ በራሳችን ይሁን።