የቤት ነገር፦ ምድጃ ከመትከል አስቀድሞ

ቆለኛውን ስለ እሳት ላስተምረው ብል ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። በመተማ፥ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሚኖር ሰው ሙቀቱ ከሰማይ ሲወርድበት ይውላል፤ በበጋም ደረቁን ሣር የሚበላውን ሰደድ እሳት ከሩቅ ሲመለከት ያመሻል። ይሁን እንጂ በገዛ ማድ ቤታችን ውስጥ የሚነደውን እሳት መርምረነው የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ካልመረመሩት አንዱ ነበርሁና ጥፋቴን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ባለቤቴ ጢሱ ዓይኗን እየለበለባት፥ ሌሊትም እንባዋ እየፈሰሰ ስትቸገር አየሁና ችግሯን በአንድ ቀን ላስወግድ ተነሣሁ። ማንንም ሳልጠይቅ በጕልቻው ዙሪያ የጭቃ ግንብ አቆምሁ፤ ከገበያም የቆርቆሮ ቱቦ ገዝቼ በሣር ክዳኑ መካከል አሾልኬ አወጣሁ። ጢሱ እንደ ተመኘሁት ሽቅብ ወጣ፤ እኔም የጥበብ ባለቤት የሆንሁ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነፋስ ተነሣ። ቱቦው የነካው ሣር ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ቆይቶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ነደደ። ታናሹ ልጃችን በማድ ቤቱ ጥግ በሰሌን ላይ ተኝቶ ነበር። የ13 ዓመት እኅቱ ገብታ አቅፋው ወጣች፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ክዳኑ ከኋላዋ ወደቀ። የክንዷ ጠባሳ ዛሬም አለ። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጇን ባነሣች ቍጥር እጅጌዋ ይሰበሰባል፥ እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ።

በዘንድሮው በጋ አዲስ ማድ ቤት ለመሥራት ስንነሣ ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንቱ፥ አሁንስ አስቀድመው ሰው ይጠይቁ» አለችኝ። ስለዚህ ወራት ወስጄ ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ ለባልንጀሮቼ ቤተ ሰቦች አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው መሬቱ ነው። ይህን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ሲሆን እኔ ግን ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር። የእኛ አገር ጥቍር ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋም ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ እንዲሁ የተተከለ ምድጃ በመጀመሪያው ክረምት ይነሣል፥ በሚቀጥለው በጋ ይወርዳል፥ ከዚያም ይፈነዳል። ባለቤቲቱም «ምድጃው መጥፎ ነው» ብላ ወደ ጕልቻዋ ትመለሳለች፤ ጥፋቱ ግን የምድጃው ሳይሆን የመሬቱ ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ ያህል ቈፍሬ ዋልካውን አወጣሁ፤ በጕድጓዱም ድንጋይና ገረጋንቲ ሞልቼ ደኅና አድርጌ ደለደልሁት። በዚያ ላይ እስከ ጕልበት የሚደርስ መደብ ተሠራ። ከፍታውን የለካሁት በባለቤቴ ጕልበት እንጂ በእኔ አይደለም፤ ጐንበስ ብሎ የሚጋግር እኔ አይደለሁምና።

ምድጃው «ምርጥ» የተባለው ነው። ይህ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባለሙያዎች ተጠንቶ የወጣ ሲሆን የሚሠራውም ከሲሚንቶና ከአሸዋ፥ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ነው። ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ ተጋጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ያቆማሉ፥ ሁለቱ ደግሞ ከበስተኋላ ገጥመው ድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። በጕልቻ ላይ የነደደው እሳት ሙቀቱን ወደ አራቱም ማዕዘን ሲበትን፥ በዚህ ግን ታግዶ ወደ ምጣዱ ይሄዳል፤ ከምጣዱ ያመለጠውም ሙቀት ከኋላ ያለውን ድስት ያበስላል። በሙከራ ጊዜ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ የቀነሰ ሲሆን በየቤቱ ግን እንደ አያያዙ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። የሚሸጥላችሁ ሰው ከዚህ አብልጦ ቢምል አትመኑት።

ገዢ የሚያስተውለው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ልክ ነው። ምጣዳችሁን ሳትለኩ ምድጃ አትግዙ፤ ምጣዱ ከጠበበ ይወድቃል፥ ከሰፋም በዳር በዳሩ አይበስልም። ሁለተኛው የሲሚንቶው አደራረቅ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ ነው እንጂ በፀሐይ ስለ ተጠበሰ አይደለም። በእኛ ቆላ የተሠራው ክፍል በሜዳ ከተተወ ቶሎ ይደርቃል፥ ነገር ግን በጣት ሲፍቁት ይረግፋል። በጥላ አኑሮ እርጥብ ጆንያ እያለበሱ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት፥ ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ያስፈልጋል። ከተተከለም በኋላ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን።

ይህ ምድጃ እንደ ተለመደው ሲሠራ ጢስ ማውጫ ቱቦ የለውም። ጢሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። እኔም ከቱቦ ጋር ከተጣላሁ ወዲህ በሣር ክዳን ውስጥ ብረት አላሳልፍም፤ ቱቦ የሚሻ ሰው በጭቃው ግድግዳ በኩል አውጥቶ ከክዳኑ ርቆ በውጭ ያቁመው። እኛ ግን በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ዙሪያውን ክፍት ተውን፤ በነፋሱ ፊትና ኋላም ሁለት መስኮት አወጣን። ቤቱም ከመኝታ ቤት ርቆ፥ የሰሊጥ አገዳ ከሚከመርበትም ተለይቶ ቆመ።

በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤታችን መጥተው «ጕልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ተረቱብኝ። ተረቱ ስለ ወጥ ነው እንጂ ስለ ዓይን አይናገርም ብዬ መለስሁላቸው፤ እርሳቸው ግን ከተረቱ የሚበልጥ ነገር ጨመሩ። ጢስ ከሌለ ክዳኑን ምስጥና ነቀዝ ይበላዋል አሉ። ይህ እውነት ነው፤ የጠቈረ ክዳን ዕድሜው ይረዝማል፥ ባለ ምርጥ ምድጃ የሆነ ሰውም ሣሩን ቶሎ ቶሎ መለወጥ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ በሚመጣ በሽታ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል በሳንባ ምች የሞቱ ብዙ ሕፃናት አሉ። ሣር ሲያልቅ ይታጨዳል። ለቢንቢም ቢሆን መድኃኒቱ አጎበር ነው እንጂ የማድ ቤት ጢስ አይደለም።

ስለ እንጨቱም ጥቂት ልበል። በዲቁና ሳገለግል በቤተ ልሔም የምናነደው እንጨት አስቀድሞ ተፈልጦ በጥላ የደረቀ ነበር፤ እርጥብ ይዞ የመጣውን መሪጌታችን ከበር ይመልሱት ነበር። ያን ጊዜ ቍጣ መሰለኝ፥ አሁን ግን ምክንያቱ ገባኝ፤ እርጥብ እንጨት አስቀድሞ ውሃውን ለማትነን ይነዳል፥ ለጋጋሪው የሚተርፈው ጢሱ ነው። ምርጥ ምድጃም አፉ ጠባብ ስለ ሆነ ግንድ አይወድም፤ ቀጭን ፍልጥ፥ የማሽላና የሰሊጥ አገዳ ይበቃዋል። የዕጣኑን ዛፍ ግን ለማገዶ የሚቈርጥ ክርስቲያን ሳይ ልቤ ያዝናል። በዚሁ በቆላችን የሚበቅለው ዛፍ ለቤተ መቅደሳችን ዕጣን የሚያንጠባጥብ ነውና፥ ማለዳ በማዕጠንት ቆመን ማታ ዛፉን ማንደዳችን ምን ይባላል?

ምድጃው በዚህ ሳምንት ተተክሏል። በምጣዱና በምድጃው መካከል ያለውን ክፍተት ባለቤቴ በጭቃና በዐመድ መረገችው፤ አዲሱንም ምጣድ በጎመን ዘር አሟሸችው። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዳሯ ጥሬ ሆነ፤ ሦስተኛዋ ዓይን አወጣች። ልጃችን ከበሩ ቆማ እሳቱን ስትመለከት ቆየችና «እምዬ፥ አሁን ልግባ?» አለች። ከቃጠሎው ወዲህ ወደ ማድ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። እናቷም አክምባሎውን ሰጠቻት። ሦስቱ ጕልቻዎች አልተጣሉም፤ ለማኅበር ቀን ትልቁ ድስት ይጣድባቸዋል ተብሎ ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል።