አርሴኒኩ የት ሄደ?

አርሴኒክን ከመጠጥ ውሃ ለማውጣት «ተፈጥሯዊ ዘዴ ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። አርሴኒኩስ ተፈጥሯዊ አይደለም እንዴ? የባንግላዴሽን ጉድጓዶች የበከለው የትኛው ፋብሪካ ነው? ጋንጅስና ብራህማፑትራ ከሂማላያ ጠርገው ያመጡት ደለል ነው። ከደለሉ ፈልቅቀው ውሃው ውስጥ የለቀቁት ደግሞ፣ ጉድ ነው መቼም፣ ባክቴሪያዎች ናቸው!

አሁን ደግሞ ባክቴሪያዎች የድሃ አዳኝ ሆነው ቀርበዋል። ርካሽ፣ ኬሚካል የሌለው፣ ለገጠር የሚመች ይባላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። «አርሴኒኩስ የት ሄደ?» የሚል ግን የለም። እናንተም በልባችሁ ጠይቃችኋል። አላዋቂ እንዳትባሉ ፈርታችሁ ዋጣችሁት።

የትም አልሄደም። አርሴኒክ ንጥረ ነገር ነው፤ በልቶ የሚጨርሰው ፍጡር የለም። ባክቴሪያዎቹ አሸዋ ማጣሪያው ውስጥ የውሃውን ብረት ያዝጉታል፤ አርሴኒኩ ዝገቱ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃው ጠርቶ ይወርዳል። ይሠራል፣ አልካድኩም። ግን ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣውን ቡናማ ጭቃ ማን ያነሳዋል? የት ይደፋል? ኩሬ ውስጥ? ሩዝ ማሳ ላይ? አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ፈተው አርሴኒኩን መልሰው ይለቁታል። አልሸሹም ዞር አሉ! እ.ኤ.አ. በ2001 የተወራለት ፈርን የተባለው አርሴኒክ ሰብሳቢ ተክልስ? ከታጨደ በኋላ የመርዝ ክምር ነው። ፍየል ብትግጠውስ?

ጥያቄ መዋጥ ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዩኒሴፍና ሌሎች ለጋሾች «የኩሬ ውሃ ይገድላል፣ ጉድጓድ ንጹሕ ነው» ብለው ፓምፕ አስተከሉ። አርሴኒክ አለ ወይ ብሎ የመረመረ አልነበረም። የብሪታንያ የጂኦሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1992 ውሃውን ሲፈትሽ እንኳ አርሴኒክን አልፈለገም። አንድ ተጎጂ ተቋሙን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት ተቋሙ ኃላፊነት የለበትም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሚሊዮኖች ጠጥተው፣ ተጠያቂ ጠፋ።

በእኛም ስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከፍሎራይዱ ጋር አርሴኒክ ተገኝቷል። የደረቀ የእምቦጭ ሥር አርሴኒክ እንደሚይዝም በቤተ ሙከራ ታይቷል። እንግዲህ ነገ አንዱ «በእምቦጭ ውሃ እናጥራ» የሚል ፕሮጀክት ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ከማጨብጨባችሁ በፊት አርሴኒክ የጠጣውን ሥር ማን እንደሚሰበስብ፣ የት እንደሚቀብር፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስፈርሙት።